ለፍራሹ ቦታ የለቀቀው ጎማ

የጎማ ማስቲሽ ሽታ እወዳለሁ። የሚወደድ ሽታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በቅርቡ ለሥራ ወደ ቡታጅራ ስወርድ አንዱ ጉድጓድ የፊት ጎማዬን ስላፈነዳው፣ በመጠባበቂያው ጎማ በስኮርታው ቀይሬ የተጎዳውን ይዤ ከተማ ገባሁ። ጎሚስታው የተጣመመውን የጎማ ብረት፣ ቸርኬውን፣ መሬት ላይ አጋድሞ በመዶሻ ሲያቃና እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ያን ድምፅ ከሰማሁ ዘመናት አልፈዋል። ድምፁና ሽታው ተባብረው ወልቂጤ ወሰዱኝ።

ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ የተቃረብኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ መርካቶ ብርድ ልብስ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ያገለገለች ነጭ መኪና ገዛ። ለሥራ ነው ይበል እንጂ፣ ለመስቀል አገር ቤት ቸሃ ይዟት ገብቶ ለአባቱ፣ ለአያቴ ሊያሳያት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እናቴና ታናናሾቼ በአውቶቡስ ቀድመው ሄደዋል። እኔ ከአባቴ ጋር ሱቁን ልዘጋ ቀረሁ።

አያቴ ታመው ነበር። በቤታችን ልማድ የመስቀሉ በሬ የሚታረደው የበኩር ልጅ ቀንዱን ይዞ አያቴ ከመረቁ በኋላ ነው። ለአባቴ፣ «አንተ ሳትደርስ ቢላ አይነካውም። ፀሐይ ከጠለቀች ግን እኔ ደጅ መቀመጥ አልችልም» ብለው ላኩበት። አባቴ ይህ የመጨረሻው መስቀላቸው ሊሆን እንደሚችል ገብቶታል። አላወራውም እንጂ ሌሊቱን ሲገላበጥ እሰማው ነበር።

ታዲያ ምን አደረገ? መርካቶን ሊጭን ተነሳ። ስኳር በጆንያ፣ ዘይት በጀሪካን፣ ሳሙና፣ ለጎረቤት ሁሉ ሻርፕ፣ ለአያቴ ደግሞ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ። ለመስቀል ባዶ እጁን ከሚገባ ጉራጌ ያልገባው ይሻላል፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ፍራሹ ግን አልገባ አለ። ቢያጥፈው፣ ቢያስረው፣ በጉልበቱ ቢጫነው እምቢ አለ። በመጨረሻ ስኮርታ ጎማውን ከሥር አውጥቶ ጓዳ አስቀመጠና ፍራሹ ገባ።

«የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ምን ይመጣል?» አለ። እኔም ምንም የሚመጣ አልታየኝም።

የመጣው ወልቂጤ መግቢያ ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት መንገድ መስሏል። ድው አለና መኪናዋ ወደ ጎን ተሳበች። ስንወርድ ቸርኬው ተቆልምሟል፣ የጎማው ጎን ተሰንጥቋል። አባቴ ሳያስበው ሄዶ የኋላውን ከፈተ። ፍራሹ ተጣጥፎ ጉብ ብሏል። ትክ ብሎ አየው።

«ጓዳ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

እየተንፏቀቅን በቅርብ የታየን ጎሚስታ በር ደረስን። ከተማው በመስቀል ምክንያት ጭር ብሏል፤ ያለው ሁሉ ገጠር ገብቷል። ጎሚስታውም አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ኮንቴይነሩን ሊቆልፍ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ጉብሬ ቤት አለኝ» አለ ቁልፉን እንደያዘ።

አባቴ በጉራግኛ ስለ አያቴ ነገረው። ሰውየው አዲሱን ሸሚዝ አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለ።

«ስኮርታውስ?»

«አዲስ አበባ ነው» አለ አባቴ ወደ መሬት እያየ።

ጎሚስታው ሳቁን ሊውጠው ታገለ፤ አልሆነለትም። «በየዓመቱ እኮ ነው! የእኛ ሰው ለመስቀል ዕቃ ሲጭን ጎማ ያራግፋል!» አለ። አባቴም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

መዶሻው ሲጀምር ባዶው ከተማ አስተጋባ። መሃል ላይ አንድ ሚኒባስ «ጉብሬ! የመጨረሻ ነው! ጉብሬ!» እየተባለበት አለፈ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከጎማው ውስጥ ወፍራም ላስቲክ በማስቲሽ ለጠፈ፣ የውስጥ ጎማውን፣ ከለመዳሪውን ከተተበት፣ ነፋ። ጎማው በአንድ ጎኑ አበጠ።

«ይሄ ጎማ ሰው ይችላል። ይሄን ሁሉ ጭነት ግን አይችልም፤ ጉብሬ እንኳ አያደርሳችሁም» አለ።

አባቴ ፀሐይዋን አየ፣ ዕቃውን አየ። ልድረስ ቢል ባዶ እጁን ነው፤ ዕቃውን ላድርስ ቢል ነገ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት አልወደድኩም። ከዚያ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ስኳሩም ዘይቱም ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባ፤ ፍራሹ መጨረሻ ላይ። ሚኒባሱ ያመለጠው ጎሚስታ ሸሚዙን መልሶ ለብሶ ከኋላ ተቀመጠና፣ «እኔ ከስኳሩ እቀላለሁ» አለ። ጉብሬ አወረድነው።

ስንደርስ ብርሃኑ የእንሰቱ ቅጠል ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። አያቴ ደጅ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። በሬው አጠገባቸው ቆሟል። አባቴ ገና ከመኪናው ሳይርቅ፣ «አባ፣ ዕቃው ወልቂጤ ቀረ...» ብሎ ጀመረ።

አልሰሙትም፤ ወይም አልፈለጉም። ዓይናቸው ከከዳቸው ቆይቷልና ተደግፈው ተነስተው መኪናዋን በእጃቸው ይዳብሱ ጀመር። ከኮፈኗ ወደ መብራቷ፣ ከመብራቷ ወደ ጎማዋ። መዶሻ የጠፈጠፈው ቸርኬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺም እንደ እኔ ተጠግና ነው የደረሰችው» አሉ። ቀጥለውም፣ «በል ና፣ ቀንዱን ያዝ።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በሬውን ይዞ፣ እሳቸው እየመረቁት። ፍራሹ ከበዓሉ በኋላ ደረሰ። ብዙም አልተኙበትም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ያለ ስኮርታ መንገድ ወጥቶ አያውቅም፤ ለነገሩ ቦታውን የሚሻማው ዕቃ እየቀነሰ ሄደ። አሁን እሱም የለም። እናቴ እኔ ዘንድ ናት፤ ቸሃ ያለው ቤት ተዘግቷል።

የቡታጅራው ጎሚስታ ጎማዬን ጠግኖ ሲጨርስ ቦታው ሊመልስልኝ የኋላውን ከፈተ። ውስጡ ክሪክና አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው ያለው።

«መስቀል ደርሶ ባዶ መኪና ትነጃለሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ።

«ለጎማው ይመቻል» አልኩት። ጎማውን አስገባው፤ ያለ ምንም ትግል ገባ።