ለራሳቸው ቀብር የነፉት ጥሩምባ

ጋሼ ገርጂ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቷን የተከራዩ ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በራፋቸው ላይ ቆመው ጥሩምባ ነፉ። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ከተሰማ የእድር ለፋፊ መጥቷል፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሁለት ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ዘልቀው ገቡ።

"ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም" አሉ ሰውየው ጥሩምባውን እየወለወሉ። "ባንዲራ የሚወርድበት ሰዓት ነው።"

"የቱ ባንዲራ?"

"እሱስ የለም።"

"እንግዲያው ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ አስቀድመው ይንገሩን። እኔ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት" አለች አንደኛዋ።

እያደር ለመድነው። እንዲያውም የእራት ወጥ የሚጣደው በእሳቸው ጥሩምባ ሆነ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ሙዚቀኛ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ይዘው የወጡት ያንን ጥሩምባ ነው። ከዚያ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሕንፃ ሲጠብቁ ኖሩ። ዘፈን መሃል ላይ ማቋረጥ ለእሳቸው ነውር ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አብረን ተቀምጠን፣ ኢምፔሪያል ስንደርስ "ወራጅ" ልል ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ። ሬዲዮኑ ላይ ያለው ዘፈን አላለቀም። አልፈን ሄደን በእግራችን ተመለስን። ዘፈኑ ግን ጥሩ ነበር።

የቀድሞ ባሕርተኞቹ የራሳቸው እድር አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት መቃብሩ ላይ የስንብት ጥሩምባ ይነፋለታል። ነፊው ጋሼ ናቸው፤ ሌሎቹ ነፊዎች አልቀዋል። ታዲያ የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቁ ጀመር፤ ሐኪሙም ቅዳሜ ይነቀላሉ አለ። ያለ ፊት ጥርስ ጥሩምባ አይነፋም።

"ለሁሉም ነፋሁ። ለእኔ ማን ሊነፋልኝ ነው?" አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያወሩት፤ ግን ያን ሰሞን ያቀረብኩላቸው ምግብ ሁሉ ሳይነካ ነበር የሚመለሰው።

"በስልኬ ለምን አልቀዳዎትም?" አልኳቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው ወጡ። ገና ከመጀመራቸው አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ኤርፖርቱ ቅርብ ነውና እኛ ለምደነው አንሰማውም፤ ስልኩ ግን ይሰማል። እንደገና ጀመሩ፤ ሌላው ተነሣ።

"አየር ኃይሎች ድሮም አይወዱንም ነበር" አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመንገደኛ ነው።"

"ክንፍ አለው አይደል? ያው ነው።"

ስንሞክር ስንሞክር ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። አንዱ ጥሩ ሄደ፤ ቆንጆ አድርገው ወደ መጨረሻው አደረሱት። የመጨረሻዋን ረጅም ድምፅ እየሳቡ ሳለ አውሮፕላኑ መጣና ሸፈናት። ጥሩምባውን ከአፋቸው ሲያነሡ ድዳቸው እየደማ ነበር።

"አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር" አልኩ።

"በቃ። ይሄኛው ይቀመጥ።"

በማግስቱ ጥርሶቹ ተነቀሉ። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥሩምባውን ይዘው በራፋቸው ላይ ይቆማሉ እንጂ አይነፉም። "ጋሼ፣ ሰዓት አሳቱን እኮ" ትላቸው ነበር ያቺ ድስት ጥዳ የመጣችው ጎረቤቴ። ይስቃሉ፤ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሞቱ። የተቀበሩት ለሚ ኩራ ነው። ከጓዶቻቸው በሕይወት ያሉት ጥቂት አዛውንት መቃብሩ አጠገብ ተሰለፉ። ስልኬን ከመኪና ስፒከር ጋር አገናኝቼ የዚያን ዓርብ ቅጂ ከፈትኩ። ጥሩምባው ጥርት ብሎ ወጣ። መጨረሻው ላይ አውሮፕላኑ መጣ። ቀብርተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ባሕርተኞቹ ብቻ ቀና አላሉም፤ እጃቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

ስፒከሩ አጠገብ የቆመ ሰው "አጥፊው" ብሎ በምልክት ነገረኝ። እስኪያልቅ ጠበቅኩ።