ለየት ያለው መብራት

ኦርሊን ቴግላንድ ሁልጊዜ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት የማዕድ ቤቱን ማብሪያ ይጫንና በመጥረጊያው እንጨት ጣራው ላይ ያለውን ክብ መብራት ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርገዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ፈዛዛ ብርሃኑን ይለቃል። አንዴ ብቻ ከመታው አይበራም፤ ሦስቴ ከመታው ይጠፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶብስ የነዳ ሰው አመለኛ ነገር መያዝ ያውቅበታል።

ችግር የሚመጣው ረቡዕ ነው። ረቡዕ በአሥር ሰዓት ሦስት ሰዎች ካርታ ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ ጎረቤቱ ዱዌን፣ የዱዌን ሚስት ላቮን እና ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሴልመር። የኦርሊን ባለቤት አርዲስ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ከሬዲዮ ሌላ የሰው ድምፅ የሚሰማው በዚህ ቀን ብቻ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ፣ የሚኒሶታ ፀሐይ ገና ከሰዓት ሳይጋመስ መጥለቅ ስትጀምር፣ ሴልመር ዘጠኝ ነው ብሎ ስድስት ጣለ።

«ዓይንህ ነው ወይስ ጭንቅላትህ?» አለው ዱዌን።

«መብራቱ ነው። ድብ እንኳ ዋሻው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ያያል።»

«እንግዲያው ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እኔ ጋራዥ እንጫወት። እዚያ ያለው መብራት ቀዶ ጥገና ያሠራል።»

ኦርሊን በእጁ የያዘውን ካርታ ማስተካከል ጀመረ። «መብራቱን ልቀይረው እያሰብኩ ነበር» አለ። አላሰበም ነበር።

በማግስቱ ከተማ ወዳለው የቤት ዕቃ መደብር ሄደ። መብራት የምትሸጠው ራኬል የምትባል ከቴክሳስ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ የሆነ ሴት ነበረች። ኦርሊን አንገቱን አቅንቶ ጣራው ላይ የተደረደረውን ሁሉ አየ። ክቡን አየ፣ ረጅሙን አየ፣ ጡት የሚመስለውን አይቶ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። በመጨረሻ ራኬል እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ስምንት እጆቹን የዘረጋ፣ ኦክቶፐስ የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚመስል የመዳብ መብራት ተሰቅሏል፤ በየእጁ አንዳንድ አምፖል ጨብጧል።

«ይሄስ እንዴት ነው?» አለችው።

ኦርሊን ተጨነቀ። በእሱ አገር ሰው ፊት ለፊት አስቀያሚ ነው አይባልም። የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ማንም ያልደገመው ሾርባ፣ የማያምር የሙሽራ ቀሚስ፣ ሁሉም አንድ ስም አላቸው። ከዚያ ስም በላይ ስድብ የለም። ኦርሊን ራሱ በሕይወቱ አራት ጊዜ ቢናገረው ነው፤ አንደኛው ስለ አማቹ ጢም ነው።

«ለየት ያለ ነው» ብሎ ያንኑ ስም ተናገረ፣ ጠንከር አድርጎ።

የራኬል ፊት በራ። «አይደል? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

«በጣም ለየት ያለ ነው» አለ ኦርሊን፣ በጭንቀት።

«ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አላደነቀውም እኮ» አለችና መሰላል ላይ ወጣች።

ሴትዮዋ ኦክቶፐሱን እንደ ሕፃን አቅፋ ስትወርድ ያየ ሰው አልፈልግም ሊላት አይችልም፤ ቢያንስ ኦርሊን አይችልም። አመስግኖ ተሸክሞት ወጣ።

ረቡዕ ሦስቱ ሲገቡ ማዕድ ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ደምቋል። ላቮን ይዛ የመጣችውን የጣፋጭ ትሪ እንደያዘች ቀና ብላ ቀረች። ሴልመር ኮፍያውን አወለቀ።

«እንግዲህ» አለ ዱዌን በመጨረሻ፣ «ለየት ያለ ነው።»

«አዎ፣ ለየት ያለ ነው» አለ ሴልመር።

ኦርሊን በልቡ የዱዌን ጋራዥ በር ሲከፈት ታየው። ሆኖም ካርታውን አደለ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ዱዌን እንደ ልማዱ አንዱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ በጥፊ አሳረፈው። «የጥቁር ልቡ ወታደር። ከሁሉ የሚበልጠው። ሰብስቡ እንግዲህ።» አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያለ ነው የሚያሸንፋቸው።

ላቮን አንገቷን አስግጋ አየች። «ዱዌን፣ ይሄ ልብ አይደለም፣ ሦስት ቅጠል ያለው ነው።»

«ምን?»

«ቅጠል ነው እያልኩህ። ቁጠረው።»

ሴልመር የራሱን ወታደር ቀስ ብሎ አጠገቡ አኖረው። እሱም ቅጠል ነው። ካርታውን ሁሉ ገለበጡት፤ የጥቁር ልቡ ወታደር የለም።

«የት ገባ?» አለ ዱዌን፣ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ። እዚያው እንዳጎነበሰ ቀረ። «ኦርሊን፣ ይሄ የጠረጴዛ እግር የቆመው ምን ላይ ነው?»

አራት ታጥፎ እንደ ብስኩት የደረቀ ካርታ አወጡ። ሲዘረጉት የጥቁር ልቡ ወታደር ወጣ፣ አፍንጫው ለሁለት ተከፍሎ።

ኦርሊን ያን ጊዜ ትዝ አለው። ከአራት ዓመት በፊት አርዲስ «ጠረጴዛው ከእንግዲህ አይነቃነቅም፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ» ብላው ነበር። የጎደለውን ከሌላ አሮጌ የካርታ ጥቅል ተክታ ኖሯል፤ በዚያ ፈዛዛ መብራት ደግሞ ቅጠሉ ልብ መስሏታል።

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ያሸነፍኩት...»

«በቅጠል ነው» አለ ሴልመር።

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው ላቮን ናት። ሴልመር ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ድጋፉ ስለወጣ እየተንገዳገደ ቡናውን ይደፋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሳቅ ይጨምራል። ዱዌን ሊቆጣ ሞክሮ አልቻለም። ኦርሊን እንባውን በእጅጌው ጠረገ። አርዲስ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ የምትስቅ መሰለው።

«ኦርሊን» አለች ላቮን ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ይሄ መብራት እንዲያው አስቀያሚ ነው። እንደዚህ የሚያስጠላ ነገር አይቼ አላውቅም።»

በዚያ አገር እንዲህ የሚባለው ለቤተሰብ ብቻ ነው። ኦርሊን ይበልጥ ሳቀ።

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዳትነካው» አለ ዱዌን። «የአራት ዓመቱን ድል የማስመልሰው እዚሁ፣ እሱ ሥር ነው።»

ቀጣዩ ጨዋታ ረቡዕ በአሥር ሰዓት በኦርሊን ማዕድ ቤት ነው፤ አዲስ ካርታ የሚያመጣው ዱዌን ነው።