«እያሰብንበት ነው» ያሉ ቀን

ዛሬ ምሳ እየበላን ሳለ የጎረቤት አገር ሚኒስትር በቲቪ ቀርበው «ከቀጠናው የንግድ ስምምነት ለመውጣት እያሰብንበት ነው» አሉ። (ፈገግ ብለው!)

ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈራችን ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ያለው ሁሉ ወደ ቲቪው ዞረ። አብረውኝ የተቀመጡት የጋሽ ታደሰ መኪና በዚሁ ስምምነት ወደዚያው አገር ያለ ቀረጥ የሚገባ ሳሙና ጭኖ ድንበር ላይ ቆሟል።

ሾፌሩ ምዋንጊም ዜናውን ሰምቶ ኖሮ ደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ቦስ፣ ልሻገር ወይስ ልመለስ?»

«ይመለስ!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ።

«ገና እያሰቡ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«የመንግሥት ሐሳብ ሲነጋ ቀረጥ ይሆናል!»

ጋሽ ታደሰ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና «ተሻገር» አሉት።

ከዚያ በኋላ ማንም አልጎረሰም። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ጋሽ ታደሰ ማንሣት ፈሩ፤ እትዬ አልማዝ አነሡት።

«ቱሜፒታ!» አለ ምዋንጊ። አልፈናል ማለቱ ነው። እትዬ አልማዝ አለቀሱ።

ጋሽ ታደሰ ግን ወዲያው መጋዘን ደውለው የነገው ጭነት እንዲቀር አዘዙ።

እናንተስ? እንዲህ ያለ ዜና ዕቃችሁ መንገድ ላይ እያለ የደረሳችሁ፣ ምን ወሰናችሁ?