ያስጠረግሁት ጭቃ

ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳላወርድ ታናሽ እህቴ ከትውልድ መንደራችን ከግራና ደወለች። እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው።

«እታለም፣ ምንጩ ጎመዘዘ። ላሞቹ አሽትተው ይመለሳሉ። እማዬ ግን ሌላ ውኃ አልጠጣም ብላ፣ ይኸው ሆዷን ይዛ ተኝታለች።»

ጥፋቱ የእኔ ነዋ።

ከእናቴ ምንጭ በላይ፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ፈላጊዎች ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ውኃ አቁሮ ትንሽ ሐይቅ ሆኗል። ውኃው ቀይ ነው፤ ዳሩ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል፤ እንቁራሪት እንኳ አይኖርበትም። ከሥሩ ቅጠልና እበት የበሰበሰበት ጥቁር ጭቃ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ በጋው ውኃውን አጉድሎት ጭቃው ተገልጧል። የተበላሸ እንቁላል ግማት! አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤም አስመለሰኝ። ይህ ርኩስ ነገር ወደ እናቴ እንስራ ይወርዳል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ለደቦ ቀሰቀስሁ።

አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ጎረቤታችን ብቻ አካፋ አልያዙም።

«ልጄ፣ የላዩን ቅመሽው፣ ጥርስ ያጠርሳል። የታቹን ምንጭ ቅመሽው፣ ይጣፍጣል። በመሃል ያለው ይሄ ጭቃ ነው። ተይው።»

«አባባ፣ አንቱ ደግሞ! ጭቃ የሚያጥብ ከሆነማ ነጠላዬን ልንከረዋ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ወላሂ፣ ከሳሙናሽ ይሻላል» ብለው ሄዱ።

ጠጠሩ እስኪታይ አስጠርጌ ጭቃውን ከአንድ ወይራ ሥር አስደፋሁ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ እየዘመርሁ ነው በመርሳ ከተማ በኩል የተመለስሁት።

ከእህቴ ስልክ በኋላ፣ ስለ ውኃ የሚያስተምር አንድ የሰፈሬን ሰው ጠየቅሁ። ጎምዛዛው ውኃ በዚያ ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ፣ ጭቃው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሲዱን ያለዝቡት ነበር አለኝ። ያ ግማትም የእነሱው ሥራ ነው። አሁን ክረምት የሞላው ውኃ በባዶ ጠጠር በኩል እንዳለ ወደ ምንጩ ይወርዳል።

አልዋሽም፣ ግማቱን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። የዚያን ዕለቱ ሳቄ ግን ይብሳል፤ ትዝ ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል። ለንስሐ አባቴም ሽታውን ነግሬ ሳቁን ዘልያለሁ።

ያን ዕለት አካፋ የያዛችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከወይራው ሥር የደፋችሁትን ጭቃ ክረምት ካልወሰደው መልሱልኝ። ካነሰም እበትና ገለባ ጨምሩበት። ሽማግሌውን አስቀድሙና ከየት እንደሚጀመር አንቱ ያሳዩን በሏቸው፤ ይቅርታዬንም አድርሱልኝ። እስከዚያ ከመርሳ ቧንቧ አንድ ጀሪካን ለእናቴ አድርሱላት፤ እንቢ ካለች ከምንጩ ነው ብላችሁ አትዋሿት፣ እኔ የላክሁት ነው በሏት።