ከቴፑ ወዲያ

እንጀራዬ መኪና ባምፐር ላይ ቴፕ መለጠፍ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለው የመኪና መፈተሻ አዳራሽ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ሰያፍ አድርጌ ወደ ባምፐሩ ጥግ አስጠጋለሁ፤ የነካበት ላይ ቴፕ እለጥፋለሁ፤ በሌላውም ጥግ እንዲሁ። በሁለቱ ቴፖች መሃል ሰው ሠራሽ እግር እናስወነጭፋለን፣ መኪናው የእግረኛን እግር ይሰብር እንደሆነ ለማየት። ከቴፑ ወዲያ ያለው አይሞከርም።

እነዚያን እግሮች አልወዳቸውም። ጉልበት አላቸው፣ ቅልጥም አላቸው፣ ከላይ ሰው የለም። ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሳያቸው ጀርባዬን አልሰጣቸውም።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ከሐኪም ቀጠሮ ስመልስ ያልጨረስኩት ፎርም ስለነበረኝ አዳራሹ ይዣት ገባሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ዜብራ ስትሻገር የሚታጠፍ መኪና ገጭቷት ቀኝ እግሯ ውስጥ ብረት አለ። ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም። እኔም ፈሪ ነኝ፣ ጠይቄያት አላውቅም።

አዳራሹ ጭር ብሏል። ፎርሙን ስሞላ የከዘራዋ ኳኳታ ድንገት ቆመ። ቀና ስል ትናንት ቴፕ የለጠፍኩበት መኪና ፊት ቆማለች። ቀኝ እግሯን ከቴፑ ወዲያ አራት ጣት ያህል ወጣ አድርጋ ባምፐሩ ላይ አስደግፋዋለች።

«እዚህ ጋ ነው የመታኝ» አለች። ቴፑን አየት አደረገችና «ይሄን ቴስት አታደርጉትም?»

ደንቡ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ረጅሙን ብረት አንስቼ እንደገና አስጠጋሁ። ባምፐሩ ላይ ቀጭን ሸንተረር አለ፤ ትናንት ብረቱ እሱን ሲነካ በቃ ብዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወዲያም ነክቷል፣ እግሯ አጠገብ። ሁለት ቦታ ከነካ የውጭውን ያዙ ይላል ደንቡ። ስንቱን መኪና እንዲህ እንዳሳለፍኩት እግዜር ይወቀው። ቴፑን ልጬ እግሯ የነበረበት ቦታ ለጠፍኩት።

ሰኞ እዚያው ላይ ሞከርነው። ጉልበቱ ከሚፈቀደው በላይ ታጠፈ፤ መኪናው ፈተናውን ወደቀ።

ቤት ስገባ እናቴ ውጤቱን ጠየቀችኝ። እግሩ አልቻለም አልኳት። ጉልበቷን አሻሸች።

«እኔን የገጨኝንስ መኪና ማን ነበር የለካው?» አለች።

አላውቅም አልኳት። ምን ዓይነት መኪና እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።