ያልተለካው ደም

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምኖር፣ ፊደልን በራሴ ጥረት የለየሁ ሽማግሌ። ሁለተኛው ግቢዬ ውስጥ የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሦስተኛው መርማሪው።

ከሰፈራችን የታሰሩት ወጣቶች የት እንዳሉ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጠየቅሁ። በማግስቱ ማለዳ ፖሊሶች መጥተው ወሰዱኝ። ተማሪው በስብሰባው አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር እሱንም ጨመሩት። ያስገቡን ክፍል ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ መስኮቱ ከራስ በላይ። ውጭ ባጃጆች ያልፋሉ።

ልጁ በሩን እያየ ይቁነጠነጣል።

«ምን ሆነሃል?»

«አይጦቼ፣ አባባ።»

«ሰው ታስሮ አንተ ለአይጥ ታስባለህ?»

አልተቀየመኝም፤ አስረዳኝ። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ያሉት አይጦቹ የካንሰር መድኃኒት ተወግተዋል። መድኃኒቱ የካንሰሩን ዕጢ ሲገድል የደም ሴሎችንም ይጨርሳል። ለግማሾቹ ደማቸው ቶሎ እንዲያገግም ሌላ መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። መርዳቱ የሚታወቀው ደማቸው በየቀኑ ሲለካ ነው።

«የዛሬው ካመለጠኝ መቼ ማገገም እንደጀመሩ አላውቅም። ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ሌላ አይጥ የሚሰጠኝም የለም።»

ጥቂት ቆይቶ መርማሪው ጠራው። ኮሪደሩ ላይ ስለቆሙ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ሽማግሌው ሕዝብ ሲያነሳሳ ሰምቻለሁ ብለህ ፈርም። አሁኑኑ ወደ አይጦችህ ትሄዳለህ።»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ቢፈርም አልፈርድበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«እሳቸው ጥያቄ ነው የጠየቁት» አለ ልጁ በመጨረሻ። «እሱን ጻፉና ልፈርም።»

«ከአይጥ ጋር ውለህ ጭንቅላትህም የአይጥ ሆኗል!» ብሎ ሳቀ መርማሪው። በሩ ተከፍቶ ልጁን መልሰው አስገቡትና ተዘጋ።

ልጁ ሸሚዙን አስተካከለ። ከመጠጥ ውሃችን ጥቂት አፍስሶ እጁን ታጠበ።

«የምለካው በዚህ ሰዓት ነበር። አባባ፣ ይያዙልኝ፤ እንዳይጨምቁት ብቻ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳይ መዳፎቼን ገጥሜ ዘረጋሁ። ከሌለው አይጥ ጅራት የሌለ ጠብታ ደም ወሰደ፤ ከዚያ ቀጣዩን። በእያንዳንዱ «ይቅርታ» ይላል። እስኪጨርስ እጄን አላወረድኩም።

ከቀናት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። ልጆቼ ከሩቅ ከተማ ሲደውሉልኝ ዛሬም እውነትን ተናገሩ እላቸዋለሁ፤ አሁን ግን ዋጋዋንም አብሬ እነግራቸዋለሁ። አይጦቹ በከንቱ ሞቱ። ተማሪው ጥናቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያ መድኃኒት ይረዳው እንደሆነ ለካንሰር ሕመምተኛ የሚነግረው አልተገኘም። ነገሩ መርማሪውን ምን እንዳስከፈለው አላውቅም። እኔ ደግሞ በምሽት የግቢውን በር ከፍቶ «አባባ፣ እንዴት አመሹ?» የሚለኝን ሰው አጣሁ።