የአምባላዩ ጭራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም የገደፍኩትን ሁሉ ስዘረዝር ቆይቼ ይህን ዘልዬው አልፋለሁ። እንዴት ልንገራቸው? ነገሩ የፈረስ ነው፤ የፈረሱ ባለቤት ደግሞ የእሳቸው ታናሽ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ዳባት ውስጥ የሥነ ጥበብና የሙዚቃ መምህርት ነኝ። ያኔ የሙዚቃ መምህርት መባሌ ራሱ ቀልድ ነበር፤ እንኳን ማሲንቆ መምታት ክራር መቃኘት አላውቅም ነበር። ልጆቹን የማስተምረው መሣሪያዎቹን ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነው። ከዚህ ያዳኑኝ አያ ታከለ ናቸው። በአካባቢው የታወቁ አዝማሪ ናቸው፤ ብለምናቸው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ያስተምሩልኝ ጀመር። ከልጆቹ ጋር እንጨት ጠርበው፣ የፍየል ቆዳ ወጥረው አምስት ማሲንቆ ሠሩ። የቀረው የፈረስ ጭራ ብቻ ነበር፤ የማሲንቆ አውታሩም ሆነ ደጋኑ ያለ እሱ ድምፅ የለውም።

እሳቸው አልቸኮሉም። በእኛ አገር ጥምቀት ሳያልፍ የፈረስ ጭራ አይነካም፤ ባለቤቱ አስጊጦ ለጉግስ ያወጣዋላ። በዓሉ ይለፍና ባለፈረሶቹን እኔው እለምናለሁ አሉኝ። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። ከጥምቀት በፊት ከደባርቅ የዞን እንግዶች ሊጎበኙን ነው፤ ርእሰ መምህሩ ደግሞ የልጆቹ የሙዚቃ ክበብ የሚያሳየው ነገር ከሌለ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ እንደሚሰጥ ነግረውኛል።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ደሴ አምባላይ፣ ያ ነጭ ፈረስ፣ ታስሮ ይግጥ ነበር። እኔ ነኝ አንድ እፍኝ ገብስ ያቀረብኩለት። እኔ ነኝ የወረቀት መቁረጫ መቀስ ይዤ ጭራውን የጨበጥኩት። ትንሽ ልቀንጭብ ብዬ ጀመርኩ፤ አንዱን ጎን ከሌላው ላስተካክል ስል፣ ደግሞ ላስተካክል ስል፣ ጭራው ያለቀ መጥረጊያ መሰለ። ፈረሱ ገብሱን እየቆረጠመ ዝም አለኝ። ለአያ ታከለ ወገራ ያለው አጎቴ ላከልኝ አልኳቸው።

እንግዶቹ መጡ፤ ልጆቹም ተጫወቱ። ደስታዬ እንባዬን አመጣው። አቶ ደሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳምንት ሙሉ ሌባ ሲፈልጉ የከረሙ ሰው በአምስቱ ማሲንቆ ላይ ያንን ነጭ ጭራ አዩትና ተነሡ። ከዚያ በኋላ ማንንም ማሰብ አላስፈለገውም፤ የፈረስ ጭራ ለአዝማሪ ካልሆነ ለማን ይበጃል? ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው የማውቀው ነገር እንዳለ ጠየቁኝ።

«የጭራው ነገር የአያ ታከለ ሥራ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩ።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። አያ ታከለ ጭራውን ከማን እጅ እንደተቀበሉ ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ልጆቹን አዩ።

«እኔ አጥፍቻለሁ፤ ልጆቹን ግን ትምህርታቸውን አትከልክሉብኝ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች አስታረቁ። አያ ታከለ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በአቶ ደሴ ደጅ ተንበረከኩ። እኔም ከመምህራኑ ጋር ቆሜ አየሁ። ያ ድንጋይ የማን ነበር? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ከተባረርኩ ክበቡ ይፈርሳል፣ ለልጆቹ ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። የሳሳሁት ለገዛ ክብሬ ነው። አዝማሪ ስለሆኑም ሰው ክሱን ሳይጠራጠር እንደሚያምን አውቄ ነው።

እሳቸው የትምህርት ቤቱን ግቢ እንዳይረግጡ ተከለከሉ። ልጆቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት እየሄዱ መማር ጀመሩ፤ ክበቡም አልፈረሰም። ያኔ ማሲንቆ ከተጫወቱት ልጆች አንዷ ዛሬ ደባርቅ የሙዚቃ መምህርት ናት፤ እንደኔ በሥዕል ሳይሆን እየመታች ታስተምራለች። የአያ ታከለ ግቢ አሁንም ቅዳሜ በልጅ ይሞላል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬን አልክድም። ለክበቡ የተሰጠው የምስጋና ወረቀት ግን በእኔ ስም ተጽፎ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል።

ባለፈው የጥምቀት ማግስት ድንጋይ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አልተሸከምኩም፣ በውሸት ላይ ውሸት አልጨምር፤ ያነሣሁት ከበራቸው አጠገብ ነው። ማሲንቋቸውን እየቃኙ ነበር።

«ኧረ አስቀምጪው፣ ልጄ» አሉኝ። «መቀመጫ አጥሮናል፤ ልጆቹ ይቀመጡበታል።»

እሳቸው ይቅር አሉኝ። ገበያ ሲወጡ ግን እስከ ዛሬ «ፈረስህን ሰብስብ፣ አያ ታከለ መጡ» እያለ የሚቀልድ አለ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አቶ ደሴም፣ የንስሐ አባቴም፣ ዳባትም ይስማ፤ የአምባላዩን ጭራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያት የለኝም።

ድንጋዩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ስሄድ የተቀመጠችበት ልጅ ብድግ ትልና «ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ» ትለኛለች። ትምህርቱ እስኪያልቅ ቆሜ አዳምጣለሁ።